ስለ ዘፈን ስትጽፉ ዜማውንም ስሙልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጥበብ አምዳችሁን እንከታተላለን። አዲስ አልበም ሲወጣ ፈጥናችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ ስለዚህ ልትመሰገኑ ይገባል። ቅሬታችን አንድ ነው። ዘፈን ተገመገመ በተባለ ቁጥር የሚገመገመው ግጥሙ ነው። ስንኙ ይጠቀሳል፣ ሰምና ወርቁ ይፈታል፣ ገጣሚው ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል። ዜማውና ቅንብሩ ግን «አንጀት ይበላል» ወይም «ልብ ይነካል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። አንጀት የበላው ምኑ ነው? የትኛው ኖታ፣ የትኛው መዘግየት፣ የትኛው የድምፅ መሰበር? ይህን የሚነግረን የለም።

እኛ ሙዚቃ የምናስተምርና የምናቀናብር አንባቢዎቻችሁ ነን። ይህን የምንጽፈው ግጥምን ለማናናቅ አይደለም። ሰሚው ከዘፈን የሚያገኘው ስሜት በአብዛኛው ቃሉ ከመሰማቱ በፊት ደርሶ እንደሚያድር፣ መንገዱም ምስጢር ሳይሆን ሊለካና ሊጻፍ የሚችል እንደሆነ ለማሳየት ነው።

አስቀድመን አንድ የተለመደ አባባል እናንሳ፤ «ሙዚቃ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነው» የሚለውን። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሰው ስላለው ብቻ የሚደጋገም ነው። የቱ ግማሽ እውነት እንደሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። የምታውቁትን አንድ ዜማ ምረጡ። ስልክ ላይ የሚጫን ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ክፈቱና በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። አፋችሁን ገጥማችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ አንዱን ኖታ ከሌላው ሳትቆርጡ አንጎራጉሩት። ቀጥላችሁ ሜትሮኖሙን ወደ 126 አውጡት፤ ያንኑ ዜማ አፍ ከፍቶ፣ ጮክ ብሎ፣ ኖታዎቹን አጭር አጭር እያደረጉ «ላ ላ ላ» ማለት ነው። አንድም ኖታ አልተለወጠም፣ አንድም ቃል አልተነገረም። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ግን «ምን ሆነሃል?» ይላል፤ ሁለተኛውን የሰማ አብሮ ያጨበጭባል። አሁን በ126 ላይ ቆዩና ድምፁን ወደ ሹክሹክታ አውርዱት፤ ኖታዎቹ አጫጭር እንደሆኑ ይቆዩ፣ አልፎ አልፎም ምቱን አዛብታችሁ ግቡ። ደስታው ጠፍቶ ፍርሃት ይመጣል። ፍጥነቱ ያው ነው፤ የድምፁ መጠንና የምቱ ሥርዓት ብቻ ተለወጠ።

ይህ የሚሆነው ጆሯችን ሙዚቃን የሚሰማው የሰው ድምፅ በሚሰማበት መንገድ ስለሆነ ነው። ያዘነ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ ትንፋሹ ይደክማል፤ ስለዚህ ንግግሩ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ከፍና ዝቅታው ይጠባል፣ ጥራቱም ይደበዝዛል። የተቆጣ ሰው ጉሮሮው ይጠብቃል፣ ትንፋሹ ይገፋል፤ ድምፁ ጎልቶ፣ ሹል ሆኖ፣ በድንገት ይጀምራል። የፈራ ሰው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል። ሙዚቀኛው እነዚህን ምልክቶች ያለ ቃል ይወስዳቸዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፓትሪክ ዩስሊንና ፔትሪ ላውካ እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ በንግግር ድምፅ ላይ የተሠሩ 104 ጥናቶችንና በሙዚቃ አጨዋወት ላይ የተሠሩ 41 ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሰው ሲናገር ስሜቱን የሚገልጽባቸው ምልክቶችና ሙዚቀኛ ሲጫወት የሚጠቀምባቸው በብዛት ተመሳሳይ መሆናቸውን አሳይተዋል። ዩስሊን ቀደም ብሎ በ2000 ባወጣው ሥራም ጊታር ተጫዋቾች ያንኑ ዜማ በቁጣ፣ በሐዘን፣ በደስታና በፍርሃት እንዲጫወቱት አድርጎ ነበር፤ አድማጮች የታሰበውን ስሜት ለይተው አውቀዋል። ጊታሩ ቃል አልነበረውም።

«ድምፃዊው ከልቡ ነው የዘፈነው» የምትሉት እንግዲህ ሲፈታ ይህን ይመስላል። ከልብ መሆኑን ያወቃችሁት በጆሯችሁ ነው።

ወደ ቅኝት፣ ማለትም ዜማ ወደሚሠራባቸው የተመረጡ ኖታዎች፣ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይነገራል። ትዝታ ሜጀርን በዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን፣ ሚንና ላን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ግማሽ ድምፅ ማለት የንዝረቱ ቁጥር በ6 ከመቶ ገደማ መቀነሱ ነው፤ በክራር ላይ ሁለት ክር ትንሽ ማላላት ነው። በዚህች ለውጥ ያው ዜማ ወዲያውኑ ይጠቁራል። ከዚህ ተነሥቶ «ማይነር ሐዘን ነው፣ ሜጀር ደስታ ነው» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ያንኑ ትዝታ ማይነር በ130 ምት፣ በከበሮና በደማቅ ቤዝ ተጫወቱት፤ ሰው ተነሥቶ ይጨፍርበታል። ቅኝቱ ጥላ ይጥላል እንጂ ብቻውን ስሜት አይወስንም። ፍጥነት፣ ጉልበትና የድምፅ ቀለም ሲገጥሙት ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ «በትዝታ የተሠራ ስለሆነ ያሳዝናል» የሚል ሂስ ገና ምንም አላለም።

አንባሰልን ደግሞ እንመልከት፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ። ከመነሻው ቀጥሎ ያለችው ግማሽ ድምፅ በአውሮፓ ሙዚቃ ብቻ ላደገ ጆሮ ውጥረትና ስጋት ልትመስለው ትችላለች። ቅኝቱን እየሰማ ላደገ ሰው ግን ዜማው ወደ ቤቱ የሚገባባት በር ናት። ኖታዋ አንድ ሆና ስሜቷ ሁለት ነው። ልዩነቱ የልምድ ነው፤ የ«ዓለም አቀፍ ቋንቋ» ነገር ውሉ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

በሁለቱም ወገን ማስረጃ አለ። በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ የማፋ ሕዝብ አባላት፣ ከዚያ በፊት የምዕራቡን ዓለም ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ፣ ደስተኛ፣ ያዘነና አስፈሪ ተብለው የተዘጋጁ የፒያኖ ቁርጥራጮችን በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተው አውቀዋል፤ ቶማስ ፍሪትዝና ባልደረቦቹ ይህን ያሳተሙት በ2009 ነው። ልብ በሉ፣ የለመዱት አውሮፓውያን ከእነርሱ በጣም የተሻለ ለይተዋል። በ1999 ደግሞ ላውራ ሊ ባልክዊልና ዊሊያም ቶምፕሰን የሰሜን ሕንድ ራጋ (ከእኛ ቅኝት ጋር የሚቀራረብ የዜማ ሥርዓት) ለካናዳውያን አሰምተው ነበር፤ ራጋ የማያውቁት አድማጮች ደስታን፣ ሐዘንንና ቁጣን ለዩ፤ የተመሩትም በፍጥነቱና በዜማው ውስብስብነት ነበር። በሌላ ወገን በቦሊቪያ የአማዞን ደን የሚኖሩ የጺማኔ ሰዎች፣ በ2016 በወጣ ጥናት፣ የምዕራቡ ጆሮ «ይጎረብጣል» የሚለውን የኖታ ጥምረትና «ይጣፍጣል» የሚለውን እኩል ደስ የሚል ብለውታል። ስለዚህ ከሰውነት የሚመጣው፣ ማለትም ፍጥነት፣ ጉልበት፣ የድምፅ መላላትና መጥበቅ፣ ድንበር ይሻገራል። ከቅኝትና ከኖታ ጥምረት የሚመጣው ግን እንደ ቋንቋ ይለመዳል። ሐያሲው ሁለቱን ለይቶ ቢጽፍ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ኖታ ጠጋ እንበል። እንባ የሚያመጣው ምን እንደሆነ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ስሎቦዳ በ1991 አድማጮችን ጠይቆ ነበር፤ ቦታውን በትክክል እንዲጠቁሙትም አድርጓል። እንባ ከሚያመጡት ቦታዎች ብዙዎቹ ውስጥ የተገኘው አፖጃቱራ የሚባለው ነገር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አጃቢው የዶን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ዶ፣ ሚ፣ ሶን፣ ይዞ ሳለ ድምፃዊው በጠንካራው ምት ላይ ሬን ያነሣል። ሬ ከሦስቱ ጋር አትስማማም፤ ከዶም ከሚም ጋር ትጋፋለች። ድምፃዊው ጥቂት ይቆይባትና ወደ ዶ ያወርዳታል፤ ጆሮ ያረፈው ያኔ ነው። ምሥጢሩ በሦስት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ሬ ጠንካራው ምት ላይ መውደቅ አለባት፤ ከምቱ በፊት ከመጣች ማለፊያ ኖታ ሆና ትቀራለች። ሁለተኛ፣ ከምትወርድበት ኖታ ጎላ ማለት አለባት፤ ዶ ስትመጣ ድምፁ መላላት ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ቆይታዋ በቂ መሆን አለበት፤ በ60 ምት አንድ ምት አንድ ሰከንድ ነው፣ የዚያን ግማሽ ያህል ብትቆይ ያምርባታል። ጀማሪ ድምፃውያን በብዛት የሚሳሳቱት በሁለተኛው ነው። ሬንና ዶን እኩል ጉልበት ይሰጧቸዋል፤ ያኔ የሚሰማው ሁለት ኖታ ነው እንጂ እፎይታ አይደለም። ሲቃ የያዘው ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ድምፁ የሚወርድበትን ሁኔታ አስተውሉ፤ ቅርጹ ያው ነው።

ማሲንቆ በዚህ ረገድ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል ብለን እንከራከራለን። አንድ ጭራ ናት፣ የኖታ መለያ ብረት የላትም፤ ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ተንሸራቶ ሲሄድ በመካከል ያለውን ሁሉ ይነካል። ፒያኖ ይህን አይችልም፤ ድምፅ ከተመታ በኋላ ሊያጎላውም ሊያጎብጠውም አይችልም። ለዚህ ነው ማሲንቆ «ታለቅሳለች» የሚባለው፤ አነጋገሩ ማጋነን አይደለም።

መዘግየትም እንዲሁ ነው። በ72 ምት የተሠራ ዘፈን ላይ አንድ ምት 833 ሚሊሰከንድ ነው፤ የምቱ ሩብ 208። ድምፃዊው ሐረጉን ከምቱ 80 ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ቢጀምር ማንም «ተሳሳተ» አይልም፤ «ከብዶታል»፣ «ማለት ፈርቷል» የሚል ስሜት ግን ያድርበታል። ምቱን ቀድሞ ከገባ ደግሞ ጉጉት ወይም ቁጣ ይሰማል። መዘግየቱ 200 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ግን ጨዋታው ያልቃል፤ ያኔ በእውነትም ምት የሳተ ነው የሚመስለው።

ብዙ ዘፈን ስቱዲዮ ገብቶ ስሜቱን ጥሎ የሚወጣው እነዚህ ነገሮች ስለሚጠረጉ ነው። ከሚያጋጥሙት ጥቂቱን እንጥቀስ፤ ሐያሲ ሲያዳምጥ ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል፣ ጀማሪ አቀናባሪም ቢያነብ አይከፋንም።

በቀረጻ ፕሮግራም ውስጥ ኳንታይዝ የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ኖታ ወደ ቅርቡ የምት መስመር ይጎትታል። ከላይ ያልናት 80 ሚሊሰከንድ በአንድ ቁልፍ ትጠፋለች። ከበሮውን ማስተካከል ካስፈለገ ከመቶ 100 ሳይሆን 50 ወይም 60 ላይ ማቆም ይቻላል፤ ድምፁንና ዋናውን መሣሪያ ግን ባይነኩት ይሻላል። የድምፃዊን ኖታ የሚያርመው ፕሮግራም፣ አውቶቱን፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ፤ ክፋቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። የማረሚያ ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ሲቀመጥ ከሶ ወደ ላ የሚደረገው መንሸራተት ደረጃ ይሆናል፣ ቪብራቶው (የድምፁ መርገብገብ) ይቀጠቀጣል። ጤናማ ቪብራቶ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይርገበገባል፤ ብዙ ጎበዝ ድምፃውያንም ኖታውን ቀጥ አድርገው ይዘው ቆይተው ነው የሚያርገበግቡት። ያቺ ቀጥታ ቆይታ መሣሪያው ሲነካት ልስልስ ብላ ሌላ ሰው ትመስላለች። በእኛ ቅኝት የሚዘፍን ሰው ሲሆንማ ጉዳቱ ይብሳል፤ ፕሮግራሙ በተለመደው አቀማመጡ የሚያውቀው የፒያኖውን 12 ድምፅ ነውና፣ ድምፃዊው አውቆ ጥቂት ዝቅ ያደረጋትን ኖታ «ስህተት» ብሎ ያቀናታል። መድኃኒቱ የተሳተውን ኖታ ብቻ ለይቶ በእጅ ማረም ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ያለ እሱ ግን አይሆንም።

ትንፋሽ ማጥፋትም ሌላው ነው። ሐረግ ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው ትንፋሽ የሚመጣውን ይናገራል፤ አጭርና ሹል ከሆነ ድንጋጤ፣ ረጅምና የተንቀጠቀጠ ከሆነ ሳግ ነው። ንጽሕና የሚወድ ኢንጂነር ሁሉንም ቆርጦ ይጥለዋል፤ ዘፈኑም ሳይተነፍስ የሚናገር ሰው ይሆናል። ከበዛ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ገደማ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የጉልበት መደፋፈን ነው። 10 ዴሲቤል ልዩነት ለጆሮ እጥፍ ያህል መጉላት ነው። ድምፃዊው መግቢያውን በለሆሳስ፣ አዝማቹን በሙሉ ጉሮሮ ዘፍኖ በመካከላቸው 10 ዴሲቤል ቢተው አድማጩ የመነሣት ስሜት ይሰማዋል። ኮምፕረሰርና ሊሚተር የሚባሉት ጉልህነትን የሚገድቡ መሣሪያዎች ተደራርበው ያንን ወደ 2 ወይም 3 ሲያወርዱት ግን ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኻል፤ የሚጮኽ ነገር ሁሉ ደግሞ አንድ ስሜት ብቻ ነው ያለው። ይህን የሚያደርጉት «ከሌላው ዘፈን አንሶ እንዳይሰማ» በሚል ነው። የኢንተርኔት ማሰራጫዎች ብዙዎቹ የዘፈኖችን ጉልህነት ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ትርፉም የለም።

ከስቱዲዮው በፊት የሚፈጠረው ትልቁ ስህተት የድምፅ ከፍታ ምርጫ ነው። ድምፃዊው «ከፍ ላድርገው፣ ይደምቃል» ብሎ ከጉሮሮው አቅም በላይ ያለ መነሻ ይመርጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይጠብቃል፣ ድምፁም ይሾላል፤ ግጥሙ ናፍቆት እያለ ጆሮ የሚሰማው ቁጣ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ ጮክ ብሎም በለሆሳስም መዝፈን መቻል አለበት። በለሆሳስ ካቃተው ከፍ ብሎበታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ማውረድ ነው።

ግጥም ታዲያ ምን ሥራ አለው? ብዙ ሥራ አለው። ዜማ ሐዘን ነው ይላል፤ ለማን፣ በምን ምክንያት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይናገርም። ምፀት፣ ቅኔ፣ ስም፣ ቦታ የቃል ናቸው። ኦማር አሊና ዘህራ ፔይኒርጆግሉ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ለክርክሩ መልካም ነው፤ ግጥም ሲጨመር ያዘኑና የተቆጡ ሙዚቃዎች ስሜታቸው ጠነከረ፣ ደስተኛና ረጋ ያሉት ግን ቀነሰ። ሁለቱ ሲጋጩም ሰሚውን ይበልጥ የመራው ዜማው ነበር። ለእኛ ይህ አያስገርምም፤ በደማቅ ዜማ ላይ የተቀመጠ መራራ ግጥም ሲጨፈርበት እናያለን። ብዙ ጊዜ ስህተት አይደለም፤ ደራሲው አስቦበት ያደረገው ነው፤ የዘፈኑ ጉልበት ያለውም ግጭቱ ላይ ነው። ግጥሙን ብቻ ያነበበ ሐያሲ ግን ግጭቱን ራሱን አያየውም።

ስለ መግቢያ ሙዚቃም አንድ ነገር እንበል፤ ይህ እናንተን ብቻ ሳይሆን የሬዲዮ ባልደረቦቻችሁን ይመለከታል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ሥራ፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲያዳምጥ አንጎል ዶፓሚን (ከደስታና ከጉጉት ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል) የሚለቀው ስሜቱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ በሌላ የአንጎል ክፍል ጫፉ ከመድረሱ በፊት፣ በመጠበቅ ላይ ሳለም ይለቀቃል። መጠበቁ ራሱ የስሜቱ ክፍል ነው። 30 ሰከንዱን መግቢያ ቆርጦ ከቃሉ የሚጀምር፣ ወይም ዋሽንቱ ሲነፋ ላዩ ላይ የሚያወራ አቅራቢ፣ ሰሚውን ከግማሽ መንገድ ያሳፍረዋል። ያለ ድምፃዊ የተሠሩ ሥራዎች ደግሞ ከማስታወቂያ ሥር ማጀቢያ ከመሆን በስተቀር ስማቸው እንኳ አይጠራም።

የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንድ ዘፈን ስትገመግሙ የአቀናባሪውንና የዋና መሣሪያ ተጫዋቾቹን ስም ከገጣሚው እኩል ጻፉልን። ቅኝቱንና ፍጥነቱን ጥቀሱ፤ ፍጥነቱን ለማወቅ በምቱ 15 ሰከንድ አጨብጭቦ በ4 ማባዛት ይበቃል። ልብ የነካችሁን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ አመልክቱ፤ «2፡14 ላይ ክራሩ ዝም ሲል» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ ሄዶ ያዳምጠዋል፣ ካልተስማማም ይሟገታችኋል። ዘፈኑን በመጀመሪያ ግጥሙን ሳታነቡ ስሙት፤ የሰማችሁትን ስሜት በአንድ ቃል ጻፉና ግጥሙን ከዚያ በኋላ አንብቡ። ሁለቱ ካልተገናኙ የምትጽፉበትን ነገር አገኛችሁ። እንደዚያ ሲለያዩ ግን «ዜማው ለግጥሙ አይመጥንም» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት አቀናባሪውን በስልክ ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ለመመለስ ደስተኞች ናቸው፣ የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ሙዚቃ የምናስተምርና የምናቀናብር አንባቢዎቻችሁ